መዋቅራዊ ፕላን ምንድን ነው? የደባርቅና የዳባት ነዋሪና አርሶ አደር ሊያውቀው የሚገባ

ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በሰሜን ተራሮች መግቢያ ላይ የምትገኝ የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት። ዳባት ደግሞ በዚሁ መንገድ ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ትገኛለች። ሁለቱም ከተሞች ወደ ገብስ፣ ወደ ስንዴና ወደ ባቄላ ማሳዎች እየሰፉ ነው። ከተማው እስከ የት ይደርሳል? መሬቱን የሚለቀው ማን ነው? የመጠጥ ውኃው ከየት ይመጣል? የክረምቱ ጎርፍ በየት በኩል ይወርዳል? እነዚህ ጥያቄዎች በሕግ ፊት መልስ የሚያገኙት መዋቅራዊ ፕላን በሚባለው ሰነድ ነው። ሰነዱ የሚመለከተው የማዘጋጃ ቤት ባለሙያን ብቻ አይደለም። በከተማው ዳር የሚያርሰውን ገበሬ፣ በከተማው ውስጥ ቤት ሊሠራ የሚያስበውን ነዋሪና ነጋዴውንም እኩል ይመለከታል።

ከተሞቹን ያሳደጋቸው ምንድን ነው?

ደባርቅን በመጀመሪያ ያሳደጋት መንገድ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የሊማሊሞን ገደል ጠምዝዞ የወረደው መንገድ ጎንደርን ከዛሪማ፣ ከአዲ አርቃይና ከዚያ ወዲያ ካለው አገር ጋር ሲያገናኝ፣ ደባርቅ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ያለች የማረፊያና የገበያ ከተማ ሆነች። ቀጥሎ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መጣ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለማየት የሚመጣ ጎብኚ ሁሉ በደባርቅ ማለፍ ግድ ሆነበት። የፓርኩ ጽሕፈት ቤትም መቀመጫው በዚያው ነው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ለውጦች ተከታተሉ። ቀድሞ ሰሜን ጎንደር ይባል የነበረው ሰፊ ዞን ለሦስት ሲከፈል ደባርቅ የአዲሱ ሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ሆነች፤ ከመምሪያዎቹ ጋር ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው መጡ። ከአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ ከተማሪው ጋር የቤት ኪራይ፣ የምግብ ቤትና የትራንስፖርት ፍላጎት አብሮ ጨመረ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት ደግሞ ከአጎራባች ወረዳዎች የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎችን ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት አመጣ። በዳባት ወረዳ አለምዋጭ በተባለው ስፍራም በሺዎች የሚቆጠሩ ኤርትራውያን ስደተኞች የሚኖሩበት መጠለያ ተቋቋመ።

በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ደባርቅ 14 ሺህ 474 ነዋሪ ነበራት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ቁጥሩ 20 ሺህ 839 ደረሰ። ይህ በዓመት ወደ 3 በመቶ የሚጠጋ ዕድገት ነው። ከተማዋ በዚያው ፍጥነት ብቻ ብትቀጥል እንኳ ሕዝቧ ሩብ ምዕተ ዓመት ባልሞላ ጊዜ በእጥፍ ይጨምራል። ዞኑም ዩኒቨርሲቲውም የመጡት ግን ከዚያ ቆጠራ በኋላ ነው። ለ20 ሺህ ሰው በተዘረጋ መንገድ፣ የውኃ መስመርና የቆሻሻ ማስወገጃ ከእጥፍ በላይ ሕዝብ ማስተናገድ እንደማይቻል ለማወቅ ሌላ ጥናት አያስፈልግም።

ሕጉ ምን ይላል?

በአገሪቱ የከተሞች ፕላን የሚመራው በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ነው። አዋጁ ሁለት ዓይነት የከተማ ፕላን ያውቃል። የመጀመሪያው መዋቅራዊ ፕላን ሲሆን፣ የከተማውን አጠቃላይ ወሰን ይዞ ከማብራሪያ ጽሑፉ ጋር በሕግ አስገዳጅ የሆነ ሰነድ ነው። ሁለተኛው የአካባቢ ልማት ፕላን ይባላል፤ የከተማውን አንድ ክፍል ለይቶ በዝርዝር የሚያሳይና መዋቅራዊ ፕላኑን ወደ ተግባር የሚያወርድ ነው።

መዋቅራዊ ፕላን የሚያገለግለው ለ10 ዓመት ነው። በውስጡም ከተማው በምን ያህል መጠንና በየትኛው አቅጣጫ እንደሚያድግ፣ ዋና ዋናዎቹ የመሬት አጠቃቀም ክፍሎች የት እንደሚሆኑ፣ የመኖሪያ ቤት ልማቱ እንዴት እንደሚካሄድ፣ መንገድ፣ ውኃ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ተቋም የት እንደሚቀመጡ፣ የትኞቹ ነባር ሰፈሮች መልሰው እንደሚለሙ፣ አካባቢውም እንዴት እንደሚጠበቅ መታየት አለበት። ፕላኑ ብቻውን የሚቆም አይደለም፤ ከክልሉና ከአገሪቱ የከተሞች ልማት አቅጣጫ ጋር መጣጣም ይጠበቅበታል።

በአገሪቱ የከተማ ፕላን መመሪያዎች ውስጥ በሰፊው የሚታወቅ አንድ መለኪያ አለ፤ እርሱም 30፣ 30፣ 40 የሚባለው ነው። ከከተማው መሬት 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 በመቶው ደግሞ ለሕንፃ እንዲውል ያዛል። አርሶ አደሩ ይህን ቁጥር ልብ ሊለው ይገባል። ከማሳው ላይ ከሚወሰደው መሬት ቤት የሚሠራበት ከግማሽ በታች ነው ማለት ነውና፤ የቀረው የሁሉም የጋራ ንብረት ይሆናል። ያ የጋራ መሬት በአጥር ሲያዝ ወይም ለግለሰብ ሲሰጥ ጉዳቱ በአርሶ አደሩም በነዋሪውም ላይ ይደርሳል።

ፕላኑ እንዴት ይዘጋጃል?

ሥራው የሚጀምረው ከመሬት ቅየሳና ከመነሻ ካርታ ነው። ነባር ቤቶች፣ መንገዶች፣ ወንዞች፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ፣ የመቃብር ስፍራ፣ ገበያና ማሳ በካርታው ላይ ይሰፍራሉ። ቀጥሎ ጥናት ይደረጋል፤ የሕዝቡ ብዛትና ዕድገት፣ ኑሮው፣ የአፈሩና የተዳፋቱ ሁኔታ፣ የውኃ ምንጩ ይጠናል። ዳባት በዚህ ረገድ ዕድለኛ ናት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዳባት የልደት፣ የሞትና የፍልሰት ክትትል የሚያደርግ የምርምር ማዕከል አለው፤ እንዲህ ያለ የረጅም ጊዜ መረጃ በአጠገባቸው ያላቸው የአገሪቱ ትንንሽ ከተሞች ጥቂት ናቸው።

ጥናቱ ካለቀ በኋላ ረቂቅ ፕላን ይዘጋጃል። ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት ሕዝብና ባለድርሻ አካላት እንዲያዩትና እንዲመክሩበት ይደረጋል። ለነዋሪው ከሁሉም የሚበልጠው ደረጃ ይህ ነው። ያልጸደቀ መስመር በእርሳስ እንደተሰመረ ስለሚቆጠር በክርክር ይነሳል። ከጸደቀ በኋላ ግን ሕግ ይሆናል፤ ለማሻሻልም ራሱን የቻለ ሥርዓት ያስፈልገዋል። ፕላኑ ከጸደቀ በኋላ ማንኛውም ሰው በከተማው ወሰን ውስጥ ግንባታ ለማካሄድ የልማት ፈቃድ ማውጣት ይኖርበታል፤ ፈቃዱም የሚሰጠው ጥያቄው ከፕላኑ ጋር ሲስማማ ብቻ ነው።

መሬቱ ራሱ የሚወስናቸው ጉዳዮች

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በስተሰሜን የሊማሊሞ ገደል አለ፤ በስተምሥራቅ ወደ ሳንቃበር የሚወስደው የፓርኩ መንገድ ይነሳል። ስለዚህ ከተማዋ በቀላሉ ልትሰፋ የምትችለው ለጥ ባለው የእርሻ መሬት ላይ ነው። የዚህ አካባቢ ፕላን ትልቁ ፈተናም ይኸው ነው፤ ለቤት የሚመቸው ሜዳ ለገብስ፣ ለስንዴና ለድንችም የሚመቸው ሜዳ ነው።

ጥሩ ፕላን ይህን ግጭት በሦስት መንገድ ያቀልለዋል። አንደኛ፣ ከተማው ወደ ጎን ከመስፋቱ በፊት ውስጡን እንዲሞላ ያደርጋል፤ በመሀል ከተማ ታጥረው የቆዩ ባዶ ቦታዎችና ሰፋፊ ግቢዎች ቀድመው ይለማሉ። ሁለተኛ፣ ፎቅ ለሚሠራበት አካባቢ ዝቅተኛ የሕንፃ ከፍታ ይወስናል። ሦስተኛ፣ ምርጡን አፈር ለይቶ ለከተማ ግብርና፣ ለወተት ላምና ለአትክልት እንዲቆይ ያደርጋል።

ውኃ ሁለተኛው ጉዳይ ነው። በአካባቢው ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል። ጣሪያና አስፋልት በበዛ ቁጥር መሬት ይሰርገው የነበረው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። ፕላኑ የወንዝና የሸለቆ ዳርቻን ከግንባታ ነፃ ካላደረገ፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይን ከመንገዱ ጋር ካልቀየሰ፣ የላይኛው ሰፈር ጎርፍ የታችኛውን ሰፈር ቤትና የገበሬውን ማሳ ይጠርጋል። የምንጮችና የጉድጓድ ውኃ መገኛዎች ዙሪያም መከለል አለበት፤ መጸዳጃ ቤት፣ ቄራና የቆሻሻ መጣያ በላያቸው ከተቀመጠ ኋላ በገንዘብ የሚታረም አይሆንም።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የጎንደር ከተማን ውኃ የሚያጠጣው የአንገረብ ግድብ፣ ከላይ ካለው ተፋሰስ በሚወርድ ደለል ምክንያት የመያዝ አቅሙ ቀንሷል። የከተማ ውኃ የሚጠበቀው በግድቡ አጥር ብቻ ሳይሆን በተራራው ላይ ባለው እርከንና ዛፍ ጭምር ነው። ስለዚህ የደባርቅም ሆነ የዳባት ፕላን በከተማው ወሰን መስመር ላይ ሊቆም አይችልም፤ ከዙሪያው ወረዳ የተፋሰስ ሥራ ጋር መያያዝ አለበት።

ማሳው ወደ ከተማ የተካለለበት አርሶ አደር

ከተማ ሲሰፋ ከሁሉም በላይ የሚነካው በዳር ያለው ገበሬ ነው። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የመሬት ይዞታ የሚለቀቅበትን ሁኔታ የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬት ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቀው በጸደቀ የመሬት አጠቃቀም፣ የከተማ መዋቅራዊ ወይም የልማት መሪ ፕላን መሠረት ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። ከዚህ የሚነሳው ነጥብ ግልጽ ነው። ፕላን ለገበሬው ጠላት አይደለም፤ ፕላን በሌለበት መሬቱን የሚጠይቅ ካለ ግን አርሶ አደሩ የጸደቀውን ሰነድ አሳዩኝ የማለት መብት አለው።

በአዋጁ መሠረት በገጠር መሬቱ ላይ ያለ ንብረት፣ ማለትም ቤት፣ አጥር፣ ባሕር ዛፍ ወይም ሰብል ለብቻው ተገምቶ ካሳ ይከፈልበታል። ከዚህ በተጨማሪ መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅና ምትክ መሬት ለማይሰጠው አርሶ አደር የልማት ተነሺ ካሳ ይከፈላል። መጠኑም መሬቱ ከመለቀቁ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው ተወስዶ በ15 ተባዝቶ ነው። ለምሳሌ በሦስቱ ዓመታት ከፍተኛው ገቢ 60 ሺህ ብር ቢሆን የተነሺ ካሳው 900 ሺህ ብር ይሆናል። ቀደም ሲል በነበረው አዋጅ ስሌቱ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። ምትክ መሬት የሚሰጠው ገበሬ ግን የሚከፈለው የተነሺ ካሳ የአንድ ዓመት ገቢ ነው።

ስሌቱ የሚያርፈው በገቢ ማስረጃ ላይ ስለሆነ ገበሬው ከወዲሁ ሊዘጋጅ ይገባል። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በስሙ መሆኑን፣ የባልና የሚስት ስም መስፈሩን፣ የማሳው ስፋትና አዋሳኝ ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። የወረሰ፣ በስጦታ ያገኘ ወይም ያካፈለ ሰው ለውጡን በቀበሌው የመሬት አስተዳደር ማስመዝገብ ይኖርበታል። በግምቱ ቅር የተሰኘ ሰው መጀመሪያ ለአቤቱታ ሰሚ አካል፣ ቀጥሎ ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ለመጀመሪያው አቤቱታ በአዋጁ የተቀመጠው ጊዜ ትእዛዙ ከደረሰው ቀን አንሥቶ 30 ቀን ነው፤ ጊዜው ሲያልፍ መብቱም አብሮ ሊያልፍ ይችላል። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ማሻሻያ ስለተደረገበት ተነሺዎች በወቅቱ የሚሠራበትን ድንጋጌ ከመሬት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ መጠየቃቸው ይጠቅማቸዋል።

ፕላኑ ሲዘገይ ብዙ ጊዜ የሚከተለው በድብቅ የሚደረግ የማሳ ሽያጭ ነው። ገበሬው መሬቱ ሊወሰድብኝ ነው ብሎ ይሰጋል፤ ቤት ፈላጊው ደግሞ በጨረታ መግዛት አይችልም። ሁለቱ በውል ወረቀት ይስማማሉ፤ በአንድ ሌሊትም የጨረቃ ቤት ይቆማል። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ በመሆኑ ውሉ በሕግ አይጸናም። በመጨረሻ ገበሬው ከካሳው ጥቂቱን ብቻ አግኝቶ ይቀራል፤ ገዢውም ቤቱ ይፈርስበታል። የዚህ መድኃኒት ማፍረስ ብቻ አይደለም። ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው በሕጋዊ መንገድ ቦታ የሚያገኝበት በር ሲከፈት፣ ለምሳሌ ለቤት ሠሪ ማኅበራት የሚሰጥ የተሸነሸነ ቦታ በወቅቱ ሲቀርብ፣ የድብቁ ገበያ ይቀዘቅዛል።

የግጭ ነዋሪዎች ልምድ

ደባርቅ ተነሺን ስለማስፈር የራሷ ልምድ አላት። በፓርኩ ውስጥ በግጭ አምባ ይኖሩ የነበሩ 418 አባወራዎች ወደ ከተማዋ እንዲዛወሩ ተደርጎ ሥራው በ2008 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ከሰፈረበት አደጋ ላይ ያሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2017 ሊወጣ የቻለው፣ ይህን ጨምሮ በተወሰዱ እርምጃዎች ነው። ለቅርሱ ትልቅ ውጤት ነው።

ለተዛወሩት ሰዎች ግን ሕይወት በአንድ ጊዜ ተለወጠ። ገብስ አርሶ፣ በግና ከብት አርብቶ የኖረ ቤተሰብ ካሳና የቤት መሥሪያ ቦታ ይዞ ከተማ ሲገባ የሚያርሰው ማሳ የለውም። ካሳው ገንዘብ ነው፤ ገንዘብ ደግሞ ሙያ ካልተጨመረበት ያልቃል። ስለዚህ መዋቅራዊ ፕላን ተነሺ የሚሰፍርበትን ቦታ በካርታ ላይ ሲያመለክት፣ በአጠገቡ የሥራ ቦታ፣ የእንስሳት ማድለቢያ፣ የወፍጮ ቤት፣ የሥልጠና ማዕከልና የገበያ መድረሻ አብሮ ማመልከት አለበት። ቦታ ሰጥቶ ኑሮን መርሳት የሚፈጥረው ተነሺውን ሁለተኛ ጊዜ የሚያነሳ ድህነት ነው።

ከሌሎች ከተሞች ምን ይወሰዳል?

ባሕር ዳር በ1950ዎቹ አጋማሽ በጀርመናዊው ፕሮፌሰር ማክስ ጉተር የሚመራ ቡድን ባዘጋጀው ፕላን መንገዶቿ ሰፍተው፣ የጣና ዳርቻም ለሕዝብ እንዲሆን ታስቦ ተቀየሰች። የዛሬዋን ከተማ የሚያስመሰግኗት ሰፋፊ ጎዳናዎችና ዘንባባዎች መነሻቸው ከተማዋ ገና ትንሽ ሳለች የተሰመረ መስመር ነው። ደባርቅና ዳባት ዛሬ ያሉት እንዲህ ባለ ዕድሜ ላይ ነው፤ ሰፊ መንገድ ማስመር የሚቻለው ቤት ከመሠራቱ በፊት ነውና።

ሌላው ትምህርት የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች ያጣምራል የተባለው የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ይፋ መሆን ሲጀምር ከአርሶ አደሩና ከተማሪው ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው፤ የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላም በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። የተቃውሞው ምክንያት ብዙ ነበር። ከመካከሉ አንዱ ግን የከተማ ዳር ገበሬ መሬቴ ያለ እኔ ምክር ሊወሰድ ነው ብሎ መስጋቱ ነው። ሕዝብ ሳይመክርበት የተሰመረ መስመር ቢያምርም በመሬት ላይ አይጸናም።

ዳባትና የአንድ ጎዳና ከተማ ችግር

ዳባት እንደ ብዙ የመንገድ ዳር ከተሞች ዋናውን አስፋልት ተከትላ የተዘረጋች ናት። ሱቁ፣ ሻይ ቤቱ፣ ታክሲውና ጋሪው ሁሉ ወደ አንዱ ጎዳና ይሰበሰባል፤ በዚያው ጎዳና ላይ ከባድ መኪና ያልፋል። እንዲህ ያለ ከተማ ርዝመቱ ሲጨምር የውኃና የመብራት መስመሩ ወጪ ይበዛል፤ የልጆች የትምህርት ቤት ጉዞ አስፋልት ማቋረጥን ይጠይቃል፤ በገበያ ቀንም አደጋ ይበረክታል።

መፍትሔው ከዋናው መንገድ ጎን ለጎን የሚሄዱ የውስጥ መንገዶችን አስቀድሞ መክፈት፣ የገበያና የከብት ተራውን ከአስፋልቱ ማራቅ፣ መናኸሪያውን በአንድ ዳር ማኖር፣ ለወደፊቱም የከባድ መኪና ማለፊያ መንገድ ቦታ መያዝ ነው። ማለፊያው መንገድ ዛሬ ባይሠራም ቦታው በፕላን ከተያዘ የነገው የካሳ ወጪ ይቀንሳል።

ፕላን ለምን ወረቀት ላይ ይቀራል?

የጸደቀ ፕላን ሁሉ አይፈጸምም። ምክንያቶቹም በአብዛኛው የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው ገንዘብ ነው፤ ለካሳና ለመንገድ በጀት ካልተያዘ መስመሩ በካርታ ላይ ይቀራል፤ መሬቱም በሕገ ወጥ ግንባታ ይያዛል። ሁለተኛው የባለሙያ እጥረት ነው፤ ካርታውን ወደ መሬት አውርዶ ችካል የሚተክል ቀያሽና የግንባታ ተቆጣጣሪ ያስፈልጋል። ሦስተኛው የመስመር መጣመም ነው፤ ለሕዝብ መናፈሻ የተያዘ ቦታ በደብዳቤ ለሌላ ጉዳይ ሲሰጥ ሌላውም ነዋሪ ፕላኑን ማክበር ያቆማል። አራተኛው መረጃ መደበቅ ነው። ካርታውን የሚያየው ጥቂት ሰው ሲሆን መንገድ በየት እንደሚያልፍ ቀድሞ ያወቀ ደላላ ከገበሬው በርካሽ ይገዛል።

የመጨረሻው ችግር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የጸደቀው ካርታ በከተማው አዳራሽ፣ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤትና በገበያ ቦታ በትልቁ ቢሰቀል፣ የመሬት አጠቃቀሙም በግልጽ አማርኛ ቢጻፍበት የደላላው ትርፍ ይቀንሳል።

በምክክር መድረክ ላይ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ረቂቅ ፕላን ለሕዝብ ሲቀርብ ነዋሪውና አርሶ አደሩ የሚከተሉትን ቢጠይቁ ይጠቀማሉ።

የከተማው ወሰን የት ላይ ያቆማል? በወሰኑ ውስጥ የገቡት ቀበሌዎችና ማሳዎች የትኞቹ ናቸው?

የትኛው አካባቢ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይለማል? የትኛውስ እስከ ፕላኑ ማብቂያ በእርሻ ይቆያል? ገበሬው ባሕር ዛፍ ልትከል ወይስ ስንዴ ልዝራ ብሎ የሚወስነው ይህን ሲያውቅ ነው።

የካሳው በጀት የሚመጣው ከየት ነው? ተነሺው የሚሰፍረው የት ነው? ምን ሥራስ ይጠብቀዋል? በአዋጁ መሠረት ባለይዞታው በፕላኑ መሠረት መሬቱን ራሱ ወይም በቡድን የማልማት ቅድሚያ ያገኛል ወይ?

ጎርፉ በየት ይወርዳል? የውኃ ምንጮቹ ዙሪያ ምን ያህል ተከልሏል? ቄራው፣ የቆሻሻ ማስወገጃውና የመቃብር ስፍራው ከነፋስና ከውኃ አቅጣጫ አንጻር የት ተቀምጠዋል?

ከተማው ወደ ፓርኩ አቅጣጫ ሲሰፋ የማገዶ፣ የግጦሽና የጎብኚ መንገድ ጉዳይ እንዴት ታስቧል?

ጥያቄዎቹ በቃል ብቻ ተነሥተው እንዳይቀሩ በቃለ ጉባኤ እንዲያዙና መልሳቸው ከፕላኑ ጋር እንዲጸድቅ መጠየቅ ተገቢ ነው። መዋቅራዊ ፕላን የሚያገለግለው ለ10 ዓመት ቢሆንም በእርሱ መሠረት የተከፈተ መንገድና የተሠራ ቤት ለልጅ ልጅ ይተርፋል፤ በአንድ ማሳ ላይ ቤት ከቆመ በኋላም ወደ ገብስ ማሳነት የሚመልሰው የለም።